አዲስ የተሠራ የቮልስ ሞተር ሲንጫጫ፦ የቫልቭ ድምፅን ከምንጩ የማግኘት ዝርዝር መመሪያ

ሞተሩ ወረደ፣ ተፈታ፣ አዲስ የፒስቶን ፋሻና የክራንክ ብሮንዚን ገባለት፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ተሠርቶ ተመልሶ ተገጠመ። ቁልፉ ሲዞር ተነሣ። ከኋላ በኩል ግን ጠቅ ጠቅ የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጡት አብሮ የሚፋጠን ድምፅ አለ። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነው፤ የቫልቭ ክዳኑን ከፍቶ በቫልቩና ቫልቩን በሚገፋው ክንድ (ሮከር) መካከል ያለውን ክፍተት ያጠባል። ድምፁም ይጠፋል።

ከሁሉ የከፋው መፍትሔ ይኼ ነው። በአየር በሚቀዘቅዘው የቮልስዋገን ሞተር ላይ ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይጮኻል እንጂ ቶሎ ሞተር አይገድልም። የጠበበው ግን ዝም ብሎ ይቃጠላል። የጭስ ማስወጫ ቫልቭ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ በሚያርፍባት ቅጽበት ነው፤ ክፍተት ከሌለው ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፣ ካልተዘጋ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ድምፁን ከማጥፋታችን በፊት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለብን። አዲስ አበባ ላይ «ቮልስ» የምንላትን ቢትል ከ1200 እስከ 1600 ሲሲ ባለው ሞተሯ ምሳሌ አድርጌ እሄዳለሁ። ሌላ የቆየ መኪና ያላችሁ አካሄዱን ውሰዱ፣ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ ሞተር መመሪያ አውጡ።

የትኛው ድምፅ ጤነኛ ነው?

ይህ ሞተር ታፔቱ (ካሙ የሚገፋው ቁራጭ) ጠጣር ነው፤ በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ የሚሞላ ዓይነት አይደለም። 8 ቫልቮች አሉት፤ ስምንቱም በእያንዳንዱ የካምሻፍት ዙር ክፍተታቸውን ይዘጋሉ፣ ይከፍታሉ። ስለዚህ ትንሽ መንጫጫቱ የተፈጥሮው ነው። ጤነኛው ድምፅ በደንብ ዘይት እንደተቀባ የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ አንዱ ከሌላው የማይጎላ። እኛ የምንፈልገው ከመካከላቸው ለብቻው የሚጎላውን ነው። ፍጹም ጸጥ ያለ ቮልስ ካጋጠማችሁ ደግሞ ከሚንጫጫው ይልቅ እሱን ተጠራጠሩ።

ከማዳመጥ በፊት ዘይቱን እዩ። የዚህ ሞተር ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ነው፤ ግማሽ ሊትር ሲጎድል አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ በመለኪያው ዘንግ አረጋግጡ። የዘይት ግፊት መብራቱ ከተነሣ በኋላ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች

አዲስ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) እና አዲስ ታፔት ከገባ፣ የመጀመሪያው ሩጫ ለማዳመጥ አይደለም። ካሙና ታፔቱ እርስ በርስ የሚላመዱት በዚህ ጊዜ ነው። ካምሻፍቱ ከክራንክሻፍቱ (ፒስቶኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ) በታች ተኝቶ የሚቀመጥ ስለሆነ ጥርሶቹ (ታፔቱን የሚገፉት እብጠቶች) የሚረጥቡት በአብዛኛው ክራንኩ ሲሽከረከር በሚረጨው ዘይት ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ክራንኩ ቀስ ይላል፣ የሚረጨውም ያንሳል። በዚያ ላይ የቫልቭ ስፕሪንጉ ጫና ሙሉ ነው። አዲስ ካም የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ አሽከርክሩ። ካንዴላውን መልሳችሁ አስነሡና ወዲያው ወደ 2000 ዙር በደቂቃ አውጡት፤ ዙሩን ትንሽ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ 20 ደቂቃ ያህል ያዙት። ዘይቱ ዚንክና ፎስፈረስ የበዛበት፣ ለቆየ ሞተር የሚሆን ይሁን። ካርቡሬተሩ አልተስተካከለም፣ ታይሚንጉ ትንሽ ቀርቶታል እያሉ ሚኒሞ ላይ ግማሽ ሰዓት የሚያቆሙት ሞተር ስንት ካም እንደበላ የሚያውቁት መካኒኮች ናቸው። ማስተካከያውን አስቀድማችሁ ጨርሱ።

በነዚህ ደቂቃዎች የሚሰማ መንጫጫት ብዙ ጊዜ ደረቅ ሮከር ነው። ዘይት ወደ ሮከሮቹ የሚደርሰው በታፔቱ አልፎ፣ ከታፔቱ ወደ ሮከሩ በሚሄደው፣ ውስጡ ክፍት በሆነው ዘንግ (ፑሽሮድ) በኩል ስለሆነ አዲስ የተገጠመ ሞተር መንገዱን እስኪሞላ ጊዜ ይፈልጋል። ሲሞቅ ከጠፋ ረሱት።

ሪትሙን ስሙ

አሁን ሞተሩ ሞቋል፣ ሚኒሞ ላይ ነው፣ ድምፁም አልጠፋም። መጀመሪያ የምንጠይቀው «ምን ያህል ይጮኻል» ሳይሆን «ስንት ጊዜ ይመታል» ነው። ካምሻፍት ከክራንክ በግማሽ ፍጥነት ይዞራል። ሚኒሞው 850 ዙር ከሆነ አንድ ቫልቭ በደቂቃ 425 ጊዜ፣ በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ይከፈታል። የክራንክ ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህን እጥፍ ይመታል።

በጆሮ መቁጠር አይቻልም፤ የታይሚንግ መብራት ግን ይቆጥርላችኋል። መብራቱን በ1ኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ አያይዙት። በየሁለት የክራንክ ዙር አንዴ ይበራል። እያንዳንዱ ብልጭታ ከአንድ ምት ጋር ከሄደ ችግሩ በካም ፍጥነት ላይ ነው፣ ማለትም ቫልቭ ወይም ከቫልቭ ጋር የሚሄድ ነገር። በአንድ ብልጭታ ሁለቴ ከመታ ወደ ታች፣ ወደ ቢየላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) እና ክራንክ አስቡ።

ቀጥሎ አንድ በአንድ የካንዴላ ገመዶቹን እያወጣችሁ ከብረት ጋር አገናኙ፤ ተንጠልጥሎ አይቅር። የአንዱ ሲሊንደር እሳት ሲቋረጥ ድምፁ ከለዘበ ወይም ከጠፋ፣ የፒስቶን ወይም የቢየላ ነገር ነው፤ ጫናው ስለቀነሰ ነው የለዘበው። የቫልቭ ድምፅ እሳት ኖረም አልኖረም አይቀየርም።

ቫልቭ የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

ብዙ ጉልበት የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ተረጋግታችሁ እለፉት። ረጅም ካቻቪቴ ያዙ፤ እጀታውን ጆሮ ላይ፣ ጫፉን ብረቱ ላይ። የመካኒክ ማዳመጫ ካለ ይሻላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር ከቺንጋው ያርቁ፤ በር ተዘግቶ ሞተር አይነሣ።

በአዲስ ሞተር ላይ ዋናው አታላይ የጭስ ማፍሰስ ነው። ማርሚታውና የሙቀት ሳጥኖቹ ከቴስታታው ጋር የሚገናኙበት ጓርኒሲዮን ትንሽ ካፈሰሰ ልክ እንደ ላላ ቫልቭ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ በካም ፍጥነትም ይመታል፤ የታይሚንግ መብራቱንም ያሳስታል። የሚለየው፦ ቀዝቃዛ ሳለ ይጎላል፣ ብረቱ ሞቆ ሲነፋ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል። ሚኒሞ ላይ የማርሚታውን ጫፎች በወፍራም እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ሴኮንድ ያዙ። ግፊቱ ሲጨምር ጠቅታው ከበረታ ተገኘ። መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር ጥላሸት ካለም ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም። ያልጠበቀ ካንዴላም ተመሳሳይ ድምፅ ያወጣል፤ ጠብቆ መሆኑን በእጅ አረጋግጡ።

ሁለተኛው የነዳጅ ፓምፑ ነው። የሚገፋው ዲስትሪቢዩተሩን በሚያዞረው ዘንግ ላይ ባለ ካም ስለሆነ እሱም በካም ፍጥነት ነው የሚመታው። ካቻቪቴውን ፓምፑ ላይ ስታሳርፉ ጆሮ የሚሰነጥቅ ከሆነ፣ ቫልቭ ክዳኑ ላይ ደግሞ ደከም ካለ፣ የፓምፑን መግፊያ ዘንግ ርዝመትና ከሥሩ ያለውን ጓርኒሲዮን ውፍረት እዩ። ሞተር ሲሠራ በሌላ ውፍረት የተተካ ጓርኒሲዮን የተለመደ ነው።

ሦስተኛው፦ አንድ ሰው ፍሪሲዮን ይርገጥ። ድምፁ ከተቀየረ ወይም ከጠፋ ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተንቀሳቀሰ ነው። ይህ እንቅስቃሴ በአዲስ ሞተር ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የሚስተካከለው በፍላይዊሉ ሥር በሚገቡት 3 ቀጫጭን ቀለበቶች ነው። ቫልቭ በማስተካከል የሚድን ነገር አይደለም።

የአየር ማራገቢያው ቆርቆሮ፣ የጄኔሬተሩ ኩሽኔታ፣ ያልጠበቀ የማቀዝቀዣ ሽፋን፦ እነዚህን በእጅ ገፋ እያደረጋችሁ እለፏቸው።

ቫልቩን በትክክል ማስተካከል

ድምፁ ከቫልቭ ክዳኑ ሥር ከሆነ አሁን እንለካለን። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ቢያንስ ሌሊቱን ያደረ። የሚያስፈልገው የ13 ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት)፣ ጠመኔ፣ ከክዳኑ የሚፈስሰውን ዘይት የሚቀበል ጎድጓዳ ዕቃ፣ ሁለት አዳዲስ የክዳን ጓርኒሲዮኖች ናቸው።

የሲሊንደሮቹን ቁጥር በደንብ ያዙ። ሹፌሩ ወደሚያይበት አቅጣጫ ስታዩ በቀኝ ፊት ያለው 1፣ በቀኝ ኋላ 2፣ በግራ ፊት 3፣ በግራ ኋላ 4 ነው። በእያንዳንዱ ቴስታታ ላይ ዳርና ዳር ያሉት የጭስ ማስወጫ ቫልቮች ናቸው፤ መሐል ያሉት ሁለቱ የአየር ማስገቢያ።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሡ። ካንዴላዎቹን አውጡና ሞተሩን በጄኔሬተሩ ፑሊ ዳዶ አዙሩ። የክራንክ ፑሊው ምልክት ሞተሩ ለሁለት ከሚከፈልበት መስመር ጋር ሲገጥም፣ ሮተሩ (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ክፍል) ደግሞ በዲስትሪቢዩተሩ ጠርዝ ላይ ወዳለችው ጭረት ሲያመለክት፣ ሲሊንደር 1 ጨመቃ ላይ ነው። ከምልክቱ ተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር ላይ፣ ፑሊው ላይ በጠመኔ ሌላ ምልክት አድርጉ። የ1ን ሁለት ቫልቮች አስተካክሉ። ከዚያ ክራንኩን ወደ ኋላ፣ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ግማሽ ዙር አዙሩ፤ አሁን ሲሊንደር 2 ነው። ሌላ ግማሽ 3፣ ሌላ ግማሽ 4። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-4-3-2 ስለሆነ ወደ ኋላ ስትሄዱ 1-2-3-4 ይሆንላችኋል።

ክፍተቱ በብዙዎቹ ሞተሮች ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.15 ሚሊሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ አንዳንድ 1200 ሞተሮች ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ነው፤ በአየር ማራገቢያው ሽፋን ላይ ተለጣፊ ካለ እሱን እመኑ። ተለጣፊው ግን የአሁኑ ሞተር መሆኑን አረጋግጡ፤ እኛ አገር ሽፋኑ ከአንዱ፣ ሞተሩ ከሌላው መሆኑ ብርቅ አይደለም።

የ0.15 ጌጁ ለስላሳ መጎተት እየተሰማችሁ ያልፋል፣ የ0.20ው ደግሞ እምቢ ይላል፤ ልክ ነው። ዳዶውን ስታጠብቁ ማስተካከያው ብሎን አብሮ ስለሚዞር ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ።

አሁን ደግሞ ብዙዎች የሚያልፉት ነገር። ከማስተካከያው ብሎኖች አንዱን ሙሉ በሙሉ ፈትታችሁ አውጡና ቫልቩን የሚመታውን ፊቱን ብርሃን ላይ እዩት። የተሠራው ሞተር ላይ የድሮው ብሎን ከተመለሰ፣ ፊቱ ላይ በቫልቭ ጫፍ ልክ የተቦረቦረች ጎድጓዳ ታያላችሁ፤ በጥፍር ይታወቃል። ፊለር ጌጅ ጠፍጣፋ ነው፣ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም፤ በጠርዞቹ ላይ ተጋድሞ 0.15 ይላችኋል። ቫልቩ ግን ጎድጓዳው ውስጥ ነው የሚገባው፤ እውነተኛው ክፍተት 0.25 ወይም 0.30 ሊሆን ይችላል። «ሦስቴ አስተካከልኩት፣ አሁንም ይጮኻል» የሚባለው ሞተር ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። መድኃኒቱ አዲስ ብሎን ነው፤ የመለዋወጫ ዕቃ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ ለ8ቱም ብትፈልጉ የሚያስደነግጥ ዕቃ አይደለም። ስትገዙ ግን የጥርሱን መጠን ከድሮው ጋር አስተያዩ።

ክፍተቱ ልክ ሆኖ ድምፁ ከቀጠለ

ሲሊንደሩን ጨመቃ ላይ አድርጋችሁ ሮከሩን በእጅ ያዙ። ወደ ጎን ብዙ የሚንሸራተት ከሆነ በዘንጉ ላይ ያሉት ሮንዴላዎች ወይም ክሊፖች በትክክል አልገቡም። ወደ ላይና ወደ ታች ከተወዛወዘ ሮከሩ ውስጡ አልቋል። ማስተካከያው ብሎን የቫልቩን ጫፍ ከመሐል ትንሽ ፈንጠር ብሎ መምታት አለበት፤ ቫልቩ እንዲዞርና እኩል እንዲበላ ሆን ተብሎ ነው። ጠርዙን እየመታ ከሆነ ግን የሮከር ዘንጉ አቀማመጥ ተበላሽቷል። የዘንጉን ዳዶዎች ከ19 እስከ 25 ኒውተን ሜትር አጥብቁ።

ፑሽሮዶቹን አውጡና መስታወት ላይ አንከባሉ፤ የተጣመመው ይዘላል። ውስጣቸውን ንፉ፤ አየር የማያሳልፍ ፑሽሮድ ዘይትም አያሳልፍም። ስትመልሱ እያንዳንዱ ወደነበረበት ይሂድ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ፑሽሮዶቹ አሉሚኒየም ናቸው ወይስ ብረት? ማግኔት ይነግራችኋል፤ ግን መሐሉን እንጂ ጫፉን አትንኩ፣ የአሉሚኒየሙም ጫፍ ብረት ነው። ፋብሪካው አሉሚኒየም ያደረገው ሞተሩ ሲሞቅ ሲሊንደሩና ቴስታታው ሲረዝሙ ፑሽሮዱም አብሮ እንዲረዝም ነው። «ጠንካራ ይሁን» ተብሎ የብረት ፑሽሮድ ከገባ ሞተሩ ይረዝማል፣ ፑሽሮዱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቀዝቃዛ ላይ የተለካው 0.15 ሲሞቅ በጣም ይሰፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ጸጥ ያለ፣ ሲሞቅ የሚንጫጫ። በብረት ፑሽሮድ ቀዝቃዛው ክፍተት ከዜሮ እስከ 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ፑሽሮዱ በጣት ያለ ችግር መዞር አለበት፣ የሚጨበጥ ክፍተት ግን የለም። ለመንገድ መኪና እኔ የአሉሚኒየሙን እመርጣለሁ።

ካሙ ተበልቶ እንደሆነ ሞተር ሳይፈቱ ማወቅ

ይህ ሞተር 8 ቫልቮች ቢኖሩትም ካምሻፍቱ ላይ ያሉት የካም ጥርሶች 4 ብቻ ናቸው። እያንዳንዱ ጥርስ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት ሲሊንደሮችን ያገለግላል፦ የ1 እና የ3 ማስገቢያ በአንድ ጥርስ፣ የ1 እና የ3 ማስወጫ በሌላ፤ የ2 እና የ4ም እንዲሁ። ይህን የያዘ ሰው ሞተሩን ሳይከፍት ፍርድ መስጠት ይችላል።

ዳያል ጌጅ (ሰዓት የሚመስል ባለ መርፌ የርቀት መለኪያ) በቫልቭ ስፕሪንጉ ክዳን ላይ አሳርፉ፣ የ8ቱንም ክፍተት እኩል አድርጉ፣ ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ እያንዳንዱ ቫልቭ ምን ያህል እንደሚከፈት ጻፉ። ማስገቢያን ከማስገቢያ፣ ማስወጫን ከማስወጫ ጋር አነጻጽሩ። የ1 ማስወጫ ዝቅ ብሎ የ3 ማስወጫም አብሮ ዝቅ ካለ የካሙ ጥርስ ራሱ ተበልቷል። የ1 ብቻ ዝቅ ብሎ የ3 ደህና ከሆነ ካሙን ተዉት፤ ታፔቱን፣ ፑሽሮዱን ወይም ሮከሩን ፈልጉ። ሮከሮቹን በሲሊንደሮች መካከል አቀያይራችሁ እንደገና ለኩ። ዝቅታው ከሮከሩ ጋር ከሄደ ሮከሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ታፔቱ ወይም ፑሽሮዱ።

ማረጋገጫ ከፈለጋችሁ ዘይቱን አፍስሱና ከሥር ያለውን ክብ ክዳን ፍቱ፤ ይህ ሞተር ከፋብሪካው የወረቀት ፊልትሮ የለውም፣ ወንፊት ነው ያለው። ወንፊቱ ላይ የተገኘውን ብልጭልጭ ነገር በማግኔት ንኩት። የሚያነሣው ከሆነ ካም፣ ታፔት ወይም ሌላ ብረት ነው። የማያነሣው ብሮንዚን ወይም የሞተሩ አካል ነው። 6ቱን ትንንሽ ዳዶዎች ስትመልሱ ወደ 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ጥርሱ ማግኒዚየም ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ካለፈ ይነቀላል።

ድምፁ ከፑሊው በታች፣ ከዘይት ፓምፑ አካባቢ እንደ ማንቋረር ያለ ከሆነ ደግሞ የካምሻፍቱን ጥርስ መዘውር አስቡ። መዘውሮቹ በጥቂቱ የተለያየ መጠን አላቸው፤ ቁጥራቸውም ጀርባቸው ላይ ተመትቷል። ከክራንኩ መዘውር ጋር ያለው ልቅታ ከ0 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ነው። ሌላ ቁጥር ያለው ከገባ ወይ ያለቅሳል ወይ ይንኳኳል።

ቁጥሮቹ ወዴት እንደሚሄዱ

አዲስ ሞተር ላይ የአንድ ቀን ልኬት ብዙ አይናገርም። ደብተር ይኑራችሁ፣ 8 ዓምድ ይኑረው። በ500 ኪሎሜትር ለኩ፣ በ1000 ለኩ፣ ከዚያ በየ5000። ከማስተካከላችሁ በፊት ያገኛችሁትን ነው የምትጽፉት፤ ያስተካከላችሁትማ ሁልጊዜ 0.15 ነው።

ሁሉም በመጀመሪያው 500 ላይ ትንሽ ቢንቀሳቀሱ ቴስታታው እየተቀመጠ ነው። አንዱ እየሰፋ ከሄደ ብሎኑ፣ ሮከሩ ወይም ካሙ እየተበላ ነው። በአንድ ቴስታታ ላይ ያሉ ቫልቮች በአንድነት ከሰፉ፣ ከዚያም ጎን እፍ እፍ የሚል ጨመቃ ከተሰማ፣ ቴስታታውን የያዘው ረጅም ስታድ (ባለ ጥርስ ዘንግ) ከሞተሩ አካል እየተነቀለ ነው፤ ቴስታታው ወደ ውጭ ሲወጣ ሮከሩም አብሮ ስለሚርቅ ክፍተቱ ይሰፋል። የቴስታታ ዳዶ ጥብቀት በ10 ሚሊሜትር ስታድ 32፣ በ8 ሚሊሜትር 25 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሮከሮቹ ካልወጡ ሁሉንም አትደርሱበትም፣ ከዚያ በኋላም ቫልቭ እንደገና ይስተካከላል።

አንዱ እየጠበበ ከሄደ ግን ዝምታው አያታልላችሁ። ቫልቩ እየተሳበ ወይም መቀመጫው ወደ ቴስታታው እየሰመጠ ነው። በተለይ የ3ኛው ሲሊንደር ማስወጫ፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በነበሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የአየሩን መንገድ ስለሚጋርደው ይህ ሲሊንደር ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል። ሁለቴ በተከታታይ ጠቦ ከተገኘ ሦስተኛውን አትጠብቁ፤ የቫልቩ ጭንቅላት ተበጥሶ ፒስቶኑ ላይ ሲወድቅ አዲሱን ሞተር ይዞት ይሄዳል። ቴስታታውን አውርዱ።

ሞተሩ መከፈል ያለበት መቼ ነው

የካም ጥርስ ከተበላ፣ ታፔት ከተሰነጠቀ ወይም የካም መዘውሩ ሪቬት ከላላ ብቻ። በዚህ ሞተር ታፔቶቹ የሚገቡት ሁለቱ ግማሾች ከመገጠማቸው በፊት ስለሆነ ሳይከፈል አይወጡም። ካሙን ስትቀይሩ 8ቱንም ታፔት አብራችሁ ቀይሩ፤ በአሮጌ ካም ላይ የለመደ ታፔት አዲሱን በጥቂት ኪሎሜትር ይበላዋል። የተበላው ብረት ዘይቱ በሄደበት ሁሉ ሄዷልና የዘይት መስመሮቹን ድፋኖች ነቅላችሁ ውስጣቸውን አጽዱ፣ ብሮንዚኖቹን እዩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውን ደግሞ ከማጠብ ይልቅ ቀይሩት፤ በውስጡ የገባ የብረት ብናኝ ታጥቦ አይወጣም።